ከጉልት ወደ መባ፤ ቤተ ክርስቲያን በምእመናን ምስጋና እንደ ኖረች

በግእዝ ቋንቋ ምስጋና አኰቴት ይባላል። ቅዱስ ቍርባን የሚቀርብበትም ጸሎት በዚሁ ቃል አኰቴተ ቍርባን ተብሎ ተሰየመ። ቍርባን የሚለው ስም ቀርበ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ስጦታ ማለት ነው። አባቶች እነዚህን ሁለት ቃላት አጋጥመው ያኖሯቸው በከንቱ አይደለም፤ ምስጋና ያለ ስጦታ ባዶ ድምፅ፥ ስጦታም ያለ ምስጋና ደረቅ ግብር መሆኑን ሊያስተምሩ ነው እንጂ። ካህኑ በመቅደስ ቆሞ ጸሎተ አኰቴትን ሲያደርስ፥ ከምእመናን ቤት የወጣው ስንዴና ዘቢብ ኅብስትና ወይን ሆኖ በመንበሩ ላይ ይገኛል። የሰው ልጅ ከፈጣሪው የተቀበለውን መልሶ ለፈጣሪው ያቀርባል፤ ይህም ራሱ ምስጋና ነው።

ኢዮቤልዩ የሚባለው 50ኛው ዓመት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ታዝዞ ይገኛል። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ፥ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ፥ ለባርነት የተሸጠውም ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ሕግ ነበረ። የሕጉም ምክንያት ምድር የእግዚአብሔር ገንዘብ ስለ ሆነች፥ ሰው ግን በእርስዋ ላይ እንግዳና መጻተኛ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የሕንፃውን ዕድሜ መቍጠር ብቻ አይበቃውም። ይህን ሁሉ ዘመን በምን ኖረ? የካህኑን እንጀራ፥ የመቅደሱን መብራት፥ የድኻውን ጕርሻ ማን ሰጠ? ብሎ መመርመርና ሰጪውን ማመስገን ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው ጉልት ነው፤ ይኸውም ነገሥታትና መሳፍንት ለአድባራት የሰጡት መሬት ነው። ሁለተኛው የምእመናን እጅ ነው፤ ይኸውም በየዕለቱና በየሰንበቱ የሚቀርበው መባ ነው። ጉልቱ በአንድ ቀን ዐዋጅ ዐለፈ፤ እጁ ግን እስከ ዛሬ አልታጠፈም። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በተራው ይነገራል።

ስለ ጉልትና ስለ ሰሞን መሬት

ጉልት ማለት ንጉሥ ከአንድ አገር ገበሬ ይቀበለው የነበረውን ግብር ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመኰንን አሳልፎ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። ርስቱን ይዞ የሚያርሰው ገበሬው ነበረ፤ ግብሩን የሚበላው ግን ባለ ጉልቱ ነበረ። ከዚህም ሌላ የሰሞን መሬት የሚባል ነበረ። ሰሞን የሚለው ስም ሰሙን ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው፤ ሳምንት ማለት ነው። ካህኑ ተራው በደረሰ ሳምንት ሰሞነኛ ተብሎ በመቅደስ ያገለግላል፤ ስለ አገልግሎቱም ከሰሞን መሬት ድርሻውን ይይዛል። ገበዙም፥ መሪጌታውም፥ ዲያቆኑም እንደየማዕርጋቸው እንዲሁ ይኖሩ ነበረ።

የተሰጠው ስጦታ እንዳይረሳ፥ የኋላ ሰውም እንዳይክደው፥ በወንጌሉ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበረ። እንደዚህ ያለውን ወንጌል ብዙ አድባራት የወርቅ ወንጌል ይሉታል። የሰጪው ስም፥ የመሬቱ ስም፥ የምስክሮቹ የካህናትና የሹማምንት ስም በተራ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ስጦታውን የሚያፈርስ እንዲወገዝ ግዝት ይከተላል። ዛሬ የአገሪቱን የጥንት ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት የነገሥታቱን ዘመንና የአገሩን ሥርዓት ከሚያውቁባቸው ምንጮች አንዱ ይኸው የስጦታ መዝገብ ነው። ስጦታው ካለፈ በኋላ ጽሕፈቱ ለታሪክ ተረፈ።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በዚያ ይገኛል። ለራሱ የሚለው ንብረት የሌለው መነኵሴ መጻሕፍትን አጽፎና አሰባስቦ ለወንድሞቹ ሰጠ፤ ከዚያም ገዳም ብዙ መምህራን ወጡ። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡ ነገሥታት ብቻ እንዳልሆኑ ከጥንቱ መዝገብ መረዳት ይቻላል።

ነገሥታቱና መኳንንቱ ግን በሰፊው ሰጡ። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር አጠገብ የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን፥ በጣና ባሕር ውስጥም የናርጋ ሥላሴን አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ከተገኘ በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ስለ ድሉ መታሰቢያ የሚሆን ሕንፃ አሠሩ፤ ልዑል ራስ መኰንንም በሐረር አገር በቍልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። እነዚህ የምስጋና ሥራዎች ናቸው። ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰ ሰው ስለ ነፍሱ ምን ይከፍላል? ቢሆንለት ቤተ መቅደስ ይሠራል፤ ባይሆንለት ጧፍ ያበራል። በፈጣሪ ፊት ሁለቱም አንድ ምስጋና ናቸው።

ነገር ግን ስለ ጉልት እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። የሰጪው ልብ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፥ ስጦታው የሚወጣው ከሌላ ሰው ላብ ነበረ። ግብሩን በእህል፥ በማርና በጉልበት የሚከፍለው ገባሩ ነበረ፤ ኋላም በብዙ አገር ጭሰኛው ነበረ። እርሱ ስለ መስጠቱ አልተጠየቀም፤ ስሙም በወንጌሉ ኅዳግ አልተጻፈም። ንጉሥ ዳዊት በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ በወደደ ጊዜ ባለ አውድማው ቦታውንም በሬውንም እንዲያው ሊሰጠው ወድዶ ነበረ። ዳዊት ግን ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልፈቀደም፤ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ይህ ታሪክ በጉልት ዘመን በየዐውደ ምሕረቱ ይነበብ ነበረ፤ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነበረ።

ከጉልቱ የተነሣ ጠብም አልጠፋም። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ብዙ ካህናት ያለ በቂ አገልግሎት መሬት ይበላሉ ብለው፥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ብቻ ቀርቶ የተረፈው ለገባር እንዲሆን ወሰኑ። ካህናቱም አኰረፉ፤ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ መካከል የነበረው ፍቅር ፈረሰ፤ አቡኑም በመቅደላ ታስረው በዚያው ዐረፉ። ንጉሡም የካህናቱን ልብ ካጡ በኋላ የሕዝቡን ልብ ለማግኘት አልተቻላቸውም። በመሬት ላይ የቆመ ፍቅር በመሬት ምክንያት እንደሚፈርስ ከዚህ ታሪክ ይታወቃል።

ስለ ምእመናን እጅ

ጉልት በነበረበት ዘመን ሁሉ ሁለተኛው ጎተራ ከጎኑ ነበረ። እርሱም በትንሽ በትንሹ የሚሞላ፥ በትንሽ በትንሹም የሚጐድል፥ ነገር ግን ባዶ ሆኖ የማያውቅ ነው።

መጀመሪያው መባ ነው። የመገበሪያው ስንዴ፥ ዘቢቡ፥ ዕጣኑና ጧፉ ከምእመናን ቤት ይመጣል። እናት ስንዴውን ለቅማ፥ አበጥራ፥ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ትልከዋለች፤ ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ኅብስት ያደርገዋል። ከዚያ እጅ ወደዚህ እጅ ሲተላለፍ ማን እንደ ላከው አይታወቅም፤ በመሶበ ወርቅ ከገባ በኋላ የድኻው ስንዴ ከባለጸጋው ስንዴ አይለይም።

ሁለተኛው አሥራትና በኵራት ነው። አባታችን አብርሃም ከጦር ሜዳ ሲመለስ ለመልከ ጼዴቅ ከሁሉ አሥራት እንደ ሰጠ፥ ያዕቆብም በቤቴል ድንጋይ ተንተርሶ ባደረ ማግስት እንደ ተሳለ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። አብርሃም የሰጠው ድል ካገኘ በኋላ ነው፤ ያዕቆብ የተሳለው ገና ምንም ሳይኖረው ነው። አንዱ ስለ ተቀበለው፥ አንዱ ስለሚቀበለው አመሰገነ።

ሦስተኛው ስእለት ነው። ልጅ የታመመባት እናት፥ መንገድ የራቀበት ነጋዴ፥ መካን የሆነች ሴት ተስለው በተሰጣቸው ጊዜ የስእለታቸውን ያደርሳሉ፤ ጃንጥላ፥ መጋረጃ፥ ምንጣፍ፥ ሙክት በግ ወይም የጧፍ እሥር ይዘው ይመጣሉ። በቍልቢ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። በስእለት ዘንድ ትልቁ ነገር የዕቃው ዋጋ አይደለም፤ ሰው ከተሰጠው በኋላ መንገዱን ተመልሶ መምጣቱ ነው። ጌታችን ካነጻቸው ከ10 ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው 1 ብቻ ነበረ፤ እርሱም ሳምራዊ ነበረ። የቀሩት 9 ጤና እንጂ ምስጋና አላገኙም።

አራተኛው ማኅበርና ሰንበቴ ነው። ማኅበርተኞች በየወሩ በመረጡት ቅዱስ በዓል በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይሻገራል፤ ተረካቢውም በሚመጣው ወር ሊደግስ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ይገባል። የሰንበቴ ጓደኞች ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም በተራቸው ዳቦና ጠላ ያቀርባሉ፤ ካህኑ ባርኮ ለሁሉ ይታደላል፤ በደጅ ያለው ነዳይም ድርሻውን ሳያገኝ አይሄድም። የማኅበሩ ሙሴ የሚመረጠው ስለ ገንዘቡ አይደለም፥ ስለ ሰላም ወዳድነቱ ነው እንጂ። ማኅበርተኛ ሲታመም ይጠየቃል፥ ሲሞት ይቀበራል፥ ልጆቹም አይጣሉም። ዕድርና ባንክ ሳይታወቅ በፊት የድኻ ዋስ ማኅበር ነበረ።

አምስተኛው ለተማሪ የሚሰጠው ነው። የቅኔ ተማሪ ከአገሩ ሲወጣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ነው። ከመምህሩ ዘንድ ገብቶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከትምህርቱም ሲያርፍ ወደ መንደር ወርዶ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ውሻ ይጮኽበታል፤ የቤቲቱ እመቤት ግን ቍራሽ እንጀራ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ታወጣለታለች። የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ፥ በወሎ ያለው ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የተጠራው በዚህ ቍራሽ ነው። ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት ጉባኤ ቃናውን፥ መወድሱን፥ ዕጣነ ሞገሩን በሙሉ መገበች። በየደብሩ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የቆሙት መሪጌቶች የእርስዋ የእጅዋ ፍሬ ናቸው። የእርስዋ ስም በወርቅ ወንጌል አልተጻፈም፤ በሕይወት መጽሐፍ ግን እንደ ተጻፈ የሚጠራጠር የለም።

ስለ 1967 ዓመተ ምሕረት

የቤተ ክርስቲያን ኑሮ በሥርዓት እንዲያዝ መታሰብ የጀመረው አስቀድሞ ነው። በ1935 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር በወጣው ደንብ ገንዘቧ በማዕከላዊ ግምጃ ቤት እንዲጠበቅ ታዘዘ። በ1951 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ከእርሳቸው በኋላ በ1963 ዓ.ም. የተሾሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለውን የሰበካ ጉባኤ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት በየአጥቢያው ከካህናት፥ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተመረጡ ሰዎች የደብሩን አገልግሎትና ንብረት በአንድነት እንዲጠብቁ፥ ምእመናንም እንደ ዐቅማቸው የአባልነት አስተዋፅኦ እንዲያደርጉ ሆነ። ያን ጊዜ ባለ መሬት የነበሩ አድባራት ይህን ነገር እንደ ትርፍ ድካም ቈጠሩት። መሬት ሳለ ከድኻ ሳንቲም መሰብሰብ ለምን ያስፈልጋል? የሚሉ አልጠፉም።

2 ዓመት ካለፈ በኋላ መልሱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ የሚል ዐዋጅ ቍጥር 31 ታወጀ። በዐዋጁ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚደርሰው ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ሆነ፤ ጭሰኝነትም ተሻረ። ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ቍጥር 47 ተወሰደ። ከጥንት ጀምሮ በወንጌል ኅዳግ ሲጻፍ የኖረው ስጦታ ሁሉ በ5 ወር ውስጥ ተፈጸመ። ለአፍራሹ የተጻፈው ግዝት ዐዋጁን አላገደውም።

ገባሩና ጭሰኛው በዚያ ቀን ደስ አላቸው፤ ደስታቸውም ምክንያት ነበረው። ከቤተ ክርስቲያን ወገን ግን ኀዘን ሆነ። የሰሞን መሬቱን ያጣ ካህን በገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ የሚያርሰውን ፈለገ፤ ከኪራይ ቤት ይኖር የነበረ ደብር የዕጣን መግዣ አጣ። መከራውም በመሬት ብቻ አልቀረም። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ምእመናንን በአንድ ጉባኤ የሰበሰቡት አባት እርሳቸው ራሳቸው ቀባሪ ሳያገኙ ብዙ ዓመት ቈዩ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ በ1968 ዓ.ም. የተመረጡት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከወላይታ አገር የመጡ ባሕታዊ ነበሩ። ከፕትርክናው ማዕርግ ከደረሱም በኋላ የምናኔ ልማዳቸውን አልተዉም። እስከ ዐረፉበት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ በጾምና በትሕትና ኖሩ። መሬት ላጣች ቤተ ክርስቲያን መሬት የማይፈልግ አባት ተሰጣት።

እንግዲህ በሰው ግምት አብያተ ክርስቲያናት መዘጋት ነበረባቸው፤ ነገር ግን አልተዘጉም። በየሰንበቱ ቅዳሴው ተቀደሰ፤ ማሕሌቱ ተቆመ፤ ሕፃናት ተጠመቁ፤ ሙታንም በፍትሐት ተሸኙ። ይህ የሆነው ሁለተኛው ጎተራ ስላልተወረሰ ነው። ዐዋጁ ጋሻውን መሬት ወሰደ፤ በመቀነት የተቋጠረችውን ሳንቲም ግን ሊወስዳት አልቻለም። ትናንት ትርፍ ድካም የተባለው ሰበካ ጉባኤ ለካህኑ ደመወዝ ከፋይ፥ ለጣሪያው ቆርቆሮ ገዢ፥ ለአጥሩ ግንበኛ ሆነ። ከዚህ በፊት ግብር ተከፍሎበት የሚቀደሰው ቅዳሴ ከዚህ በኋላ ወድዶ በሰጠ ሰው መባ ተቀደሰ። ለመስጠት ያልተጠየቀው ገባር በፈቃዱ ሰጪ ሆነ። በመሬቱ ጥፋት ውስጥ የነበረው የእግዚአብሔር ጥበብ ይህ ነው።

የሚያስደንቀው ደግሞ ድኻው ስለ ራሱ ጭንቅ ሌላውን አለመርሳቱ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በሰሜን አገር በጸና ጊዜ፥ በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ድርጅት እህልና ልብስ ከሚያድሉት አንዱ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ በመቄዶንያ ያሉ ምእመናን በጽኑ ድኽነታቸው ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። የሐዋርያት ዘመን ነገር በዚህም ዘመን ታየ።

ጉልት ስላላዩ አድባራት

ይኸው ነገር ከአገር ውጭ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ይበልጥ ይገለጣል። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መነኮሳት በዴር ሱልጣንና በሌሎቹ ገዳማት ብዙ ዘመን የኖሩት ከአገር በሚላክ ስጦታና በተሳላሚዎች እጅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት አድባራት ግን ከመሠረታቸው ጉልት የሚባል ነገር አያውቁም። ብዙዎቹ የጀመሩት በሌሎች ክርስቲያኖች አዳራሽ በኪራይ ወይም በውሰት ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፥ በሆስፒታል የሚያስታምመው፥ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ወገን ከደመወዙ እያዋጣ ታቦቱን አስገባ፥ ሕንፃውን ገዛ። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት የሚደክሙ እኅቶችም ለተወለዱበት አጥቢያ መጋረጃና የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ይልካሉ። ራሳቸው ቅዳሴ የሚሰሙበት ቀን በማያገኙበት አገር ሆነው፥ ሌላው እንዲሰማ ቤተ ክርስቲያን ያሠራሉ። ስለዚህ ስደተኛው ለባለ አገሩ አስተማሪ ሆነ ቢባል ሐሰት አይደለም።

የታሪኩ ምክር

ታሪክ የሚጻፈው ላለፈው ለመመጻደቅ ወይም ለማልቀስ አይደለም፤ ለሚመጣው ለመጠንቀቅ ነው። ጉልት ከወረቀት ጠፋ፤ ከሰው ልብ ግን ጠፍቶ እንደ ሆነ ሁሉም ራሱን ይመርምር።

ጉልት ማለት በሌላው ላይ የተያዘ መብት ነው፤ መባ ማለት ግን መብትን የተወ ስጦታ ነው። ለሕንፃው ብዙ ብር ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ካህኑ ያለ እኔ ፈቃድ አይሾም፥ ጉባኤው ያለ እኔ ቃል አይወስን የሚል ምእመን ቢኖር፥ እርሱ ሰጪ አይደለም፤ ደብሩን በገንዘብ የገዛ ጉልተኛ ነው። ስሙ በድምፅ ማጉያ ካልተጠራ እጁን የማይዘረጋም ስጦታውን ሸጦ ጭብጨባ ገዛ እንጂ መባ አላቀረበም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ፊት የወደቁት ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት ጥቂት ስለ ሰጡ አይደለም፤ ከሰጡት በላይ እንደ ሰጡ ሊታዩ ስለ ወደዱ ነው።

ተቀባዩም እንዲሁ ይጠንቀቅ። የምእመናንን አስተዋፅኦ እንደ ድሮው ግብር የሚገባኝ ነው ብሎ የሚበላ፥ ምን ገባ ምን ወጣ ተብሎ ሲጠየቅ የሚቈጣ አገልጋይ ቢኖር፥ እርሱም ሌላ ጉልተኛ ነው። አባቶች የተሰጠውን በወንጌሉ ኅዳግ በምስክር ፊት ጽፈው ያኖሩት ለምን ነበረ? የተሰጠው ሁሉ እንዲታወቅና እንዳይጠፋ ነው። ዛሬ በጉባኤ ፊት የሚነበበው የገቢና የወጪ መዝገብ የዚያ የወርቅ ወንጌል ልጅ ነው፤ በእውነት ቢጻፍ ምስጋና ነው፥ በሐሰት ቢጻፍ ግን ግዝቱ በራሱ ላይ ይመለሳል። ለባልቴቲቱ ሳንቲም ሒሳብ መስጠት ባልቴቲቱን ማመስገን ነው።

ሕንፃውም ያማረ እንደ ሆነ ነዳዩንና ተማሪውን አያስረሳ። እብነ በረድ ተነጥፎ፥ መብራት ተንቈጥቍጦ ሳለ የአብነት ተማሪ ተርቦ ቢበተን፥ የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲደርስ በዚያ እብነ በረድ ላይ የሚቆም መሪጌታ አይገኝም። ጌታችን በቤተ መቅደሱ ሙዳየ ምጽዋት ፊት ተቀምጦ ከባለጸጎቹ ይልቅ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያመሰገነው፥ እነርሱ ከትርፋቸው እርስዋ ግን ከኑሮዋ ስለ ሰጠች ነው። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል፤ ያን ሁሉ ኃጢአት በሚዛን የበለጠው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ የተሰጠ ጥርኝ ውሃ ነበረ። በእግዚአብሔር ሚዛን ላይ ትንሽ ስጦታ የለም፤ ትንሽ ልብ ብቻ አለ።

የአገራችን ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያንን አንድ ንጉሥ በተሸከማት ጊዜ ሸክም ነበረች፤ ሸክሙም በገባሩ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሁሉ አንድ አንድ ሎሚ በያዙላት ጊዜ ግን ጌጥ ሆነች። የ50 ዓመት ኢዮቤልዩ ትርጓሜው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ርስቱ ወደ እውነተኛው ባለቤት ተመለሰ፤ ባለቤቱም እግዚአብሔር ነው፥ ሕዝቡም በፈቃዱ የሚሰጥ ነጻ እንግዳ ነው።

ባለ ቅኔዎች ቃልን ሰምና ወርቅ ብለው ይከፍሉታል። በመቅደስ የሚበራው ጧፍ በእውነት ከሰም የተሠራ ነው፤ ሰሙም ሲበራ ይቀልጣል፥ ያልቃል። ወርቁ ግን ጧፉን ያበራው ሰው ምስጋና ነው፤ እርሱ አይቀልጥም። በዚህ ደብር ደጅ ሰም ይዘው የገቡ፥ ስማቸው የተጻፈም ያልተጻፈም አባቶችና እናቶች ሁሉ ወርቃቸው በሰማያዊው መዝገብ ይቈያቸው። ስለ ሰጠን ሁሉ፥ ስለሚሰጠንም ሁሉ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን፤ አሜን።